የዝናብ ውሃና የማጥለያው ታሪክ

በአማኑኤል፣ በቢቸና፣ በሞጣ፣ በደብረ ወርቅ፣ በሌላም ስፍራ ያላችሁ አድማጮች፣ ይህን ንግግር በሬዲዮ ሰምታችሁት ይሆናል። አሁን ደግሞ በወረቀት ላይ ታነቡታላችሁ። ፊደል ከቆጠራችሁ ጥቂት ወራት ብቻ የሆናችሁ አላችሁ። አትቸኩሉ። ቃሉን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። የከበዳችሁን ቃል አስምሩበትና እለፉት፤ ኋላ ትመለሱበታላችሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው በአንድ ቃል ላይ ነው። እስቲ አብረን እናንብበው። ማ - ጥ - ለ - ያ። ማጥለያ።

ይህን ቃል እናቶች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ጉሹ ጠላ በማጥለያ ይጠለላል። ጥሩው ጠላ ከታች ይወርዳል፤ አተላው ከላይ ይቀራል። ማጥለያው ሳይታጠብ ቢከርምስ? አተላው ይጋገርበታል። ጠላው አልወርድ ይላል። እንግዳ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ማጥለያው ግን ጠብ አያደርግም። ያን ጊዜ የቸኮለ ሰው ምን ያደርጋል? ማጥለያውን አንስቶ ጉሹን እንዳለ ይቀዳል።

የዝናብ ውሃ ማጥለያም ዕጣው ይኸው ነው። ውሃ ከጣራ ወደ ገንዳ ሲወርድ በመካከል የሚያጠራው ነገር አለ። ወንፊት ሊሆን ይችላል፤ አሸዋና ጠጠር ሊሆን ይችላል። እርሱ ሲደፈን ሰው ይነቅለዋል። ከዚያ በኋላ ገንዳው የውሃ ቤት መሆኑ ቀርቶ የደለል ቤት ይሆናል።

«ይህ የጓሮ ሥራ ነው፤ ታሪክ ምን አገባው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ የጓሮ ሥራ ነው። ግን ረጅም ታሪክ አለው። ሰው የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ገንዳ መሥራት አላቃተውም። ያስቸገረው የገንዳውን አፍ ከዓመት ዓመት ንጹሕ አድርጎ ማቆየት ነው።

መጀመሪያ ወደ አገራችን እንመልከት። ጎጃም የውሃ አገር ነው። የጮቄ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይነሳል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ሌሎችም ወንዞች ከጮቄ ወገን ወርደው ዓባይ ይገባሉ። በደብረ ማርቆስ አካባቢ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል። ይህ ብዙ ዝናብ ነው። ታዲያ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ተረት ከየት መጣ? ምክንያቱን እናንተ ታውቁታላችሁ። አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ወንዙ ገደል ውስጥ ነው። ምንጩ ይቀጥናል። በየካቲትና በመጋቢት እንስራ ወይም ጄሪካን በጀርባዋ ያዘለች ሴት ቁልቁል ወርዳ ሽቅብ ትወጣለች። ሐምሌ ላይ ግን ያ ሁሉ ውሃ በበራፏ ሲፈስ ነበር።

ስለዚህ «የሐምሌን ውሃ ለመጋቢት ማቆየት» የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። በትግራይ የሚገኘውን የደብረ ዳሞ ገዳም ተመልከቱ። ገዳሙን አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዓመት እንደመሠረቱት ይነገራል። ያለው ዙሪያውን ገደል በሆነ አምባ አናት ላይ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው በገመድ ነው። ሰው በገመድ እየተሳበ የሚወጣበት ቦታ ላይ በየቀኑ ውሃ ማመላለስ አይቻልም። ስለዚህ መነኮሳቱ ከአለቱ ላይ የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች ፈልፍለዋል። ዝናቡ በአለቱ ላይ ፈስሶ ወደ ጉድጓዶቹ ይገባል። አለት እንደ እርሻ መሬት በቀላሉ አይሸረሸርም፤ ስለዚህ ብዙ ደለል አያመጣም። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ ይጠቅመናል። ጉድጓዶቹ ግን ክዳን የላቸውም። ፀሐይ ያገኘው ውሃ አረንጓዴ ሽፋን ያወጣል፤ እዚያም ይኸው ይታያል።

በአክሱም ደግሞ ከኮረብታው ሥር ማይ ሹም የሚባል ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። ከአለት የተፈለፈለ ነው። በደቡብ በኮንሶ «ሃርዳ» የሚባሉ ኩሬዎች አሉ። የኮንሶ ሰዎች ኩሬውን የሚጠብቁትና የሚያድሱት በሥርዓት፣ በጋራ ሆነው ነው። የኮንሶ የእርከን ሥራና መንደሮች በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ሲመዘገቡ እነዚህ ኩሬዎችም አብረው ተጠቅሰዋል። እኔ በበኩሌ ከኩሬው ይልቅ የሚደንቀኝ ሥርዓቱ ነው። ኩሬ አንድ ጊዜ ይቆፈራል። ደለል ግን በየዓመቱ ይመጣል።

ወደ እኛው አካባቢ እንመለስ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ማለት ከ1599 እስከ 1624 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የኖራ ግንብ በአገራችን ተስፋፋ። ኖራ ውሃ ለሚይዝ ግንብ ትልቅ ነገር ነው። ጭቃ በውሃ ይሟሟል፤ ኖራ ግን ድንጋዩን አጣብቆ ይይዛል። በምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያም የሄዳችሁ ሰዎች የጥንቱን የድንጋይ ሕንፃ ፍርስራሽ አይታችሁት ይሆናል። ከእርሱ ከፊሉ የተሠራው በዚያ ዘመን ነው። ከጎንደር በስተ ደቡብ ደንቀዝ በሚባለው የሱስንዮስ መቀመጫ ደግሞ ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ጋር የውሃ ማጠራቀሚያ ፍርስራሽ አለ። ያን ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ገንዳ የንጉሥ ነገር ነበር። ገበሬው በእንስራና በጋን ነው የኖረው።

ምነው ቢሉ፣ የገበሬው ቤት ጣራ ሣር ነበር። ከሣር ክዳን የሚወርድ ውሃ ጥላሸትና ብስባሽ ይዞ ነው የሚመጣው። ቀለሙም ቡና ይመስላል። ይህን ማንም አይጠጣውም።

ነገሩን የለወጠው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ገባ። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ከባድ ዕቃ ማምጣት ቀለለ። ወደ ገጠር ግን ቀስ ብሎ ነው የደረሰው። በብዙ ቦታ መጀመሪያ ቆርቆሮ የለበሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቀጥሎ ትምህርት ቤትና የነጋዴ ቤት፤ በመጨረሻ የገበሬው ቤት። ቆርቆሮ ከሣር የሚለየው በዝናብ ጊዜ ስለሚጮህ ብቻ አይደለም። ውሃውን ሳይጠጣ ያወርደዋል። ስለዚህ ባለ ቆርቆሮ ቤት ሁሉ የራሱ ምንጭ አለው ማለት ይቻላል።

ቁጥር የተማራችሁ አብራችሁኝ አስሉ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ጣራችሁ 8 ሜትር በ5 ሜትር ቢሆን 40 ካሬ ሜትር ነው። 40 በ1,300 ሲባዛ 52,000 ሊትር ይመጣል። ከአምስት አንዱ እጅ በመርጨትና በመፍሰስ ይጠፋል እንበል። 41,600 ሊትር ይቀራል። በባለ 20 ሊትር ጄሪካን ብትቀዱት 2,080 ጄሪካን ነው። ይህን ሁሉ የሚይዝ ገንዳ በየቤቱ አይገኝም። ቢሆንም ያቺ ሽቅብ የምትወጣ ሴት በየዓመቱ ከጣራዋ ላይ ምን ያህል እንደሚያልፋት እዩት።

በዚያው በምኒልክ ዘመን ሌላም እንግዳ ገባ። ባሕር ዛፍ ነው። መጀመሪያ በአዲስ አበባ ተተከለ፤ ኋላ በየአገሩ ተዛመተ። ዛሬ በጎጃም ባሕር ዛፍ የሌለበት መንደር ማግኘት ያስቸግራል። ቆርቆሮውና ባሕር ዛፉ የተገናኙት የት ይመስላችኋል? አሸንዳ ውስጥ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ረጅምና ጠንካራ ነው፤ ቶሎ አይበሰብስም። አንዱ በአንዱ ላይ እየተኛ አሸንዳውን እንደ ግድብ ይዘጋዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ውጭ አገር ልውሰዳችሁ። አሸዋ ለውሃ ማጣሪያ እንዴት እንደዋለ እንይ፤ ከዚያ ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

በስኮትላንድ ፔዝሊ በሚባል ከተማ ጆን ጊብ የሚባል ሰው ነበር። ሥራው ጨርቅ ማንጣት ነው። የቆሸሸ ውሃ ጨርቁን እያበላሸ አስቸገረው። በ1804 በፈረንጆች አቆጣጠር ውሃውን በጠጠርና በአሸዋ ውስጥ እያሳለፈ አጣራው። ውሃው ተረፈው፤ የተረፈውን ለከተማው ሰው ሸጠ። በ1829 ደግሞ ጄምስ ሲምፕሰን የሚባል መሐንዲስ በለንደን ከተማ ለአንድ የውሃ ድርጅት ትልቅ የአሸዋ ማጣሪያ ሠራ። ያን ጊዜ በሽታ የሚያመጡ ጥቃቅን ሕያዋን በውሃ ውስጥ እንዳሉ አልታወቀም ነበር። ሰዎቹ የፈለጉት ውሃው እንዲጠራ ብቻ ነው።

አሸዋው ግን ካሰቡት በላይ ሠራ። ውሃ ሳያቋርጥ ቀስ ብሎ በአሸዋ ውስጥ ሲያልፍ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በአሸዋው ፊት ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሲዳስሱት ያሟልጫል። ቆሻሻ ይመስላል፤ ነገር ግን ሕያው ነው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን ከውሃው ጋር የሚመጡትን የበሽታ ተሕዋስያን ይበሏቸዋል። ይኸው ሽፋን እየወፈረ ሲሄድ ደግሞ ውሃውን ያግዳል። ማጣሪያው ተደፈነ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ታዲያ ሠራተኞቹ አሸዋውን ሁሉ አያወጡም። በአካፋ የላይኛውን ስስ ድርብ፣ ከሁለት ሴንቲ ሜትር የማይበልጠውን፣ ብቻ ይፍቁታል። ከዚያ አዲሱ ሽፋን እስኪሠራ ድረስ ይጠብቃሉ።

የዚህ ነገር ዋጋ የታየው በ1892 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በእኛ 1884 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በአገራችን «ክፉ ቀን» የሚባለው የረሃብ ዘመን ነበር። በዚያው ዓመት በጀርመን አገር በሃምቡርግ ከተማ ኮሌራ ገባ። ሃምቡርግ ውሃዋን የምትቀዳው ኤልበ ከሚባለው ወንዝ ነው፤ ሳታጣራ ለሕዝቡ ታከፋፍል ነበር። አጠገቧ አልቶና የምትባል ከተማ አለች። አልቶና የምትቀዳውም ከዚያው ወንዝ ነው። እንዲያውም የምትቀዳው ከሃምቡርግ በታች፣ የሃምቡርግ ቆሻሻ ከተጨመረበት በኋላ ነው። ነገር ግን በአሸዋ ታጣራው ነበር። በሃምቡርግ ከ8,000 በላይ ሰው አለቀ። በአልቶና የሞተው ጥቂት ነው። የሁለቱ ከተሞች ድንበር በሆነ መንገድ ላይ በአንዱ ወገን ያለው ቤት ሲታመም ማዶ ለማዶ ያለው ደኅና ሆኖ ከረመ። የኮሌራን ተሕዋስ ያጠናው ሐኪም ሮበርት ኮክ ይህን መርምሮ ጻፈ። ሃምቡርግ በሚቀጥለው ዓመት ማጣሪያዋን ሠርታ ጨረሰች።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በዚያው ዓመት ብርድ ወቅት አልቶና ውስጥም ኮሌራ ብቅ አለ። ኮክ ምክንያቱን ፈለገ። አንዱ ማጣሪያ ሲጸዳ የአሸዋው ፊት በብርድ በረዶ ሆኖ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ውሃውን እንደሚገባ አላጣራውም። አያችሁ? ያችው በማጣሪያዋ የዳነች ከተማ በማጽዳት ጊዜ በተፈጠረ ጉድለት ተጎዳች። ስለ ማጣሪያ የሚነገረው ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለ ሠሪው ነው። ስለ ጠራጊው የሚያወራ የለም። እኔ ግን ዋናው ሰው ጠራጊው ነው እላለሁ።

አሁን ወደ አገራችን፣ ለዕድሜያችን ቅርብ ወደ ሆነው ታሪክ እንምጣ።

በ1995 ዓ.ም. ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ያስቸገረ ድርቅ ነበር። በዚያው ዓመትና በ1996 ዓ.ም. በአማራና በትግራይ ክልሎች «በየቤቱ ውሃ ማቆር» የተባለው ሥራ በዘመቻ ተካሄደ። የምታስታውሱት ትኖራላችሁ። ጉድጓዱ በየጓሮው ተቆፈረ። አንዳንዱ እንደ ጠርሙስ አፉ የጠበበ ነበር። አንዳንዱ በሲሚንቶ ተለስኖ ጉልላት ተደረገለት። አንዳንዱ ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠብቦ ፕላስቲክ ተነጠፈበት። ብዙዎቹ 60,000 ሊትር ያህል እንዲይዙ የታሰቡ ናቸው። ይህ 3,000 ጄሪካን ነው። ውሃው በዋናነት የታሰበው ለጓሮ አትክልትና ለከብት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነው።

ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ብዙዎቹ ጉድጓዶች ውሃ አልያዙም። ለምን? ምክንያቱ አንድ አይደለም። ሥራው በችኮላ ተሠራ። ሲሚንቶው ተሰነጠቀ። እንደ ቢቸና ባለ ጥቁር አፈር፣ ዋልካ በምንለው መሬት፣ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ዋልካ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውንም ግንብ አብሮ ይሰነጥቃል። ፕላስቲኩን አይጥና የከብት ኮቴ ቀደደው። ክዳን የሌለውን ፀሐይ መጠጠው።

ሌላው ምክንያት ደለል ነው። አብዛኛው ጉድጓድ ውሃ የሚያገኘው ከጣራ አልነበረም፤ ከመሬት ነበር። በእርሻ፣ በመንገድ፣ በግጦሽ ላይ የፈሰሰ ጎርፍ ነው የሚገባው። ደብረ ዳሞን አስታውሱ። እዚያ ውሃው የሚመጣው በአለት ላይ ነው። እዚህ የመጣው በታረሰ አፈር ላይ ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ወደ ጉድጓዱ ከመግባቱ በፊት በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ማረፍ አለበት። ሲያርፍ አፈሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ውሃው ከላይ ሞልቶ ያልፋል። ይህ ደለል ማስቀሪያ ይባላል። አንዳንዱ ቤት ደለል ማስቀሪያ ጨርሶ አልተሠራለትም። አንዳንዱ ተሠርቶለት ጠራጊ አጣ። ደለል ማስቀሪያ ደግሞ ከሁለት ሦስት ከባድ ዝናብ በኋላ ይሞላል። ከሞላ እንደሌለ ነው። በአፉ ላይ የተደረገው ወንፊት ሽቦም በገለባ ሲደፈን ጎርፉ አጥሩን ይጥሳል። ባለቤቱ ተናዶ ሽቦውን ነቅሎ ይጥለዋል። ያን ዓመት ውሃ ይገባል፤ አፈሩም አብሮ ይገባል።

በዚያ ሰው አልፈርድም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ከቤቴ አሸንዳ ሥር በርሜል ነበረኝ። በአፉ ላይ ወንፊት ሽቦ አድርጌ ነበር። በሐምሌ አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ ወንፊቱ በቅጠል ተሞላ። ውሃው ወደ ጭቃው ግድግዳ ይረጭ ጀመር። ግድግዳው እንዳይናድብኝ ፈርቼ በጨለማ ወጣሁና ወንፊቱን ነቀልኩት። ጠዋት እመልሰዋለሁ አልኩ። ጠዋት ዝናብ ነበር። በማግሥቱም ዝናብ ነበር። ወንፊቱ እስከ መስቀል ድረስ ከማገዶው ክምር ላይ ቀረ። በኅዳር በርሜሉ ሲያልቅ ከታች አንድ ስንዝር ዝቃጭ አገኘሁ። አንዲት የሞተች እንሽላሊትም ነበረችበት። በዚያ ሰሞን ታናሹ ልጄ ሆዱን ታሞ ጤና ጣቢያ ወስጄው ነበር። ጤና ረዳቷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ምግብ አልነበረም፤ «የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው?» ነበር ያለችኝ። ምን ልበላት? ወንፊቱን እኔው ነኝ የነቀልኩት።

ከዚህ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። ማጥለያ የሚነቀለው ባለቤቱ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። በሌሊት፣ በዝናብ፣ ባልተመቸ ቦታ ስለሚደፈን ነው። ስለዚህ ማጥለያውን ስትሠሩ «ሲደፈን እንዴት አጸዳዋለሁ?» ብላችሁ መጀመሪያ ጠይቁ። መሰላል የሚያስፈልገው ማጥለያ አይጸዳም። እጅ በሚደርስበት ቦታ አድርጉት። ከጎኑ፣ ከአፉ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ማፍሰሻ ቀዳዳ ወይም ቱቦ ይኑረው። ማጥለያው በሌሊት ቢደፈን ውሃው በዚያ ይወጣል፤ ግድግዳችሁን አይነካም። እናንተም እስኪነጋ ትተኛላችሁ። የማፍሰሻውን ቱቦ ከቤቱ መሠረት አርቁት።

ማጥለያው ራሱ ከባድ ነገር አይደለም። ሥሩ የተበሳሳ ባልዲ ወይም የተቆረጠ በርሜል ይበቃል። ከታች ትልልቅ ጠጠር ይደረጋል። በላዩ ደቃቅ ጠጠር፤ በላዩ የታጠበ አሸዋ። አሸዋው ወደ ጠጠሩ እንዳይሰርግ በመካከላቸው ወንፊት ሽቦ አንጥፉ። ከሁሉ በላይ፣ ቅጠል የሚይዝ ሌላ ወንፊት ይደረጋል። ይህ የላይኛው ወንፊት ሁለት ቢሆን መልካም ነው። አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይሠራል። ሁለት ወንፊት ቢኖረኝ ኖሮ ያንን በርሜል አላበላሸውም ነበር።

የሚደፍነው ነገር ከየት ይመጣል? በየቦታው ይለያያል። በእኛ አገር ከጥቅምት እስከ ግንቦት ጣራው ይደርቃል። አቧራ፣ የወፍ ኩስ፣ የጭስ ጥላሸት ይከማችበታል። አውድማ በቤታችሁ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ጤፍ ሲወቃ እብቁ በነፋስ ተነስቶ ጣራው ላይ ያርፋል። እብቅ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይሆናል፤ አሸዋን እንደ እርሱ የሚደፍን የለም። ቤታችሁ ከአውድማው በነፋሱ ወገን ከሆነ አውድማውን ማዛወር ከማጥለያ ማጠብ ይቀላል። በአሸንዳው ላይ የተንጠለጠለውን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍም ቁረጡት።

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ አሸንዳውን በመጥረጊያ አጽዱ። አሸዋውንና ጠጠሩን አውጥታችሁ ለየብቻ እጠቡ። አሸዋ ሲታጠብ ባልዲ ውስጥ ተደርጎ ውሃ ይጨመርበታል፤ በእጅ ይማሰላል፤ የደፈረሰው ውሃ ቶሎ ይደፋል። አሸዋው ከባድ ስለሆነ ከሥር ይቀራል። ውሃው ሳይደፈርስ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሙት። ሳሙናና ኦሞ አትጨምሩ፤ በአሸዋው ውስጥ ቀርቶ ከምትጠጡት ውሃ ጋር ይመጣል። ከዚያ አሸዋው ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ወደ ገንዳው አታስገቡት። ያ ውሃ ዝናብ ሳይሆን የጣራው እጣቢ ነው። ቱቦውን ወደ ውጭ አዙሩት። ለ40 ካሬ ሜትር ጣራ ቢያንስ አንድ ጄሪካን፣ ማለት 20 ሊትር፣ መፍሰስ አለበት። ከስምንት ወር ድርቅ በኋላ ግን እኔ የመጀመሪያውን ዝናብ ሙሉውን ለአትክልት እለቀዋለሁ። በሐምሌ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ጣራው በየቀኑ ይታጠባል።

በክረምቱ መካከል ሥራው ትንሽ ነው። ከየዝናቡ በኋላ የላይኛውን ወንፊት አንስታችሁ አራግፉ። ውሃው በአሸዋው ላይ ቆሞ አልወርድ ካለ ሁሉን አታውጡ። የሲምፕሰን ሠራተኞች እንዳደረጉት የላይኛውን አንድ ጣት ያህል ብቻ ፍቃችሁ በታጠበ አሸዋ ተኩት። አሸዋውን በእንጨት አትውጉት። ውሃው ሲወርድ ደስ ይላችኋል፤ የሚወርደው ግን በቀዳዳው ሳይጣራ ነው። ወንፊቱንም በምስማር አታስፉት። የቢምቢን ነገር አስታውሱ፤ ቢምቢ በሰፊ ቀዳዳ ገብታ ገንዳው ውስጥ ትፈለፈላለች። በትግራይ በግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ልጆች ላይ ተጠንቶ በ1999 በፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ ጽሑፍ አለ። ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ልጆች ይልቅ በግድቡ አጠገብ ያሉት ሰባት እጥፍ በወባ ታመዋል። በደጋው ይህ ብዙም አያስፈራ ይሆናል። ወደ ዓባይ በረሃ የወረዳችሁ ቆለኞች ግን የገንዳችሁን አፍ ጠብቁ።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ። ይህ የቤት ማጥለያ የለንደኑና የአልቶናው ዓይነት አይደለም። በእነዚያ ውሃ ክረምት ከበጋ ያልፍባቸዋል፤ ስለዚህ ያ ሕያው ሽፋን አይሞትም። የእኛ በበጋ ይደርቃል፤ ሽፋኑም ይሞታል። በዝናብም ጊዜ ውሃው በፍጥነት ነው የሚወርደው። ስለዚህ የእኛ ማጥለያ ደለልና ቅጠል ያስቀራል እንጂ በሽታ አያስቀርም። የምትጠጡትን አፍሉት፤ ወይም ከጤና ጣቢያ በሚነገራችሁ ልክ የውሃ መድኃኒት ጨምሩበት። ጠርቶ ስላያችሁት ብቻ አትመኑት።

አሁን ስለ ገንዳው ውስጥ እንነጋገር፤ ይህ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ከዓመታት በኋላ ከሥር የተኛውን ዝቃጭ ለማውጣት ሰው ይገባል። የተዘጋ ጉድጓድ አየሩ ይበላሻል። ሲታይ ባዶ ነው፤ ሲገቡበት ግን ትንፋሽ ይቆርጣል። ብዙ ሰው በዚህ ሞቷል። አንዱ ወድቆ ሲቀር ወንድሙ ሊያወጣው ዘሎ ይገባል፤ እርሱም ይቀራል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ከላይ ሆናችሁ በረጅም እጀታ ጨልፉ። የግድ መግባት ካስፈለገ ክዳኑን አስቀድማችሁ ከፍታችሁ በደንብ አናፍሱት። ብቻውን ማንም አይግባ። የሚገባው ሰው ብብቱ ሥር ገመድ ይታሰርለት፤ ሁለት ጉልበታም ሰዎች ገመዱን ይዘው ከላይ ይቁሙ፤ ሳያቋርጡም ያናግሩት። መልስ ካጡ በገመዱ ይሳቡት እንጂ ተከትለው አይግቡ። ሥራው ሲያልቅ ክዳኑ ይመለስ፤ ልጆች በአካባቢው ይጫወታሉ።

ለዛሬ የያዝነው ይህ ነበር። እነዚህን ቃላት በደብተራችሁ ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ፦ አሸንዳ። ጠጠር። አሸዋ። ደለል። ማጥለያ። ከዚያ የቤታችሁን ጣራ ርዝመትና ስፋት በእርምጃ ለኩና በዓመት ስንት ጄሪካን እንደሚያወርድ አስሉ። ደኅና ሁኑ።